ሰማያዊ ውሃ

ታንከሩ ማታ ይሞላና ጠዋት ወገቡ ድረስ ጎድሎ ይገኛል። ቧንቧው ሁሉ ዝግ ነው፤ ወለሉ ደረቅ ነው፤ ግቢውም ደረቅ ነው። ውሃው ግን የለም።

«ውሃው የት ነው የሚሄደው?» አለች እህቱ፣ መሰላሉ ላይ ቆማ የታንከሩን ክዳን በአንድ እጇ እንደያዘች።

«ይተናል» አላት ሰዓት ሠሪው ከታች።

«ይተናል? ሌሊቱን ፀሐይ ወጥታ ነበር እንዴ?»

«እንግዲያው ወፍ ይጠጣዋል።»

«ይሄን ሁሉ የሚጠጣ ወፍ ካለ፣ ወንድሜ፣ እንቁላሉ ብቻ ታንከሩን ያክላል» ብላ ክዳኑን ጓ አድርጋ ዘጋችው።

ሰዓት ሠሪው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከከንፈሩ አላለፈም። ውሃው የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ያውቅ ነበር ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ይጠረጥር ነበር። ሰው የጠረጠረውን ነገር ላለማወቅ የሚደክመውን ያህል ለኑሮው ቢደክም ኖሮ ድሃ የሚባል ባልተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱና ታላቅ እህቱ የሚኖሩበት ቤት ድሮ አንድ ሰፊ ቤት ነበር። አባታቸው ኑሮ ሲጠናበት መሃል በሩን በብሎኬት ደፍኖ ግማሹን ለአንዲት ልብስ ሰፊ ሸጠላት። በሩ ተደፈነ እንጂ ግድግዳው ያው የድሮው ነው፤ በዚህ በኩል የእነሱ ጠባብ ኮሪደር፣ በዚያ በኩል የልብስ ሰፊዋ መኝታና መሥሪያ ክፍል። ከታንከሩ የሚወርደው አሮጌ የብረት ቧንቧ ደግሞ በዚሁ በጋራው ግድግዳ ሆድ ውስጥ ያልፋል።

ሰዓት ሠሪው ነገር መጣል የማይሆንለት ሰው ነበር። ገበያው መግቢያ ላይ ካለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ ሌላው የጣለውን ሰዓት አንስቶ፣ ከሦስት ሬሳ አንድ ሕያው እያወጣ ነው የሚኖረው። «የሚጣል ዕቃ የለም፤ የሚሰንፍ እጅ እንጂ» ይላል። ስለዚህ ያን ጊዜ፣ የዛሬ ሦስት ክረምት፣ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው ቁም ሣጥን ጀርባ ግድግዳው ላብ ላብ ሲለው ቧንቧ ሠራተኛ አልጠራም። ግድግዳውን በመሮ ቦረቦረ፤ መጋጠሚያው ላይ የሚያለቅሰውን ቧንቧ አገኘ፤ ከብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ጠመጠመበት፤ በሽቦ አሰረው። ሽቦውን የሚቋጥርበት የራሱ አያያዝ አለው፤ ጫፉን ሦስቴ ጠምዞ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ላዩን በጣውላ ከደነው፤ ቁም ሣጥኑን መለሰው። ለእህቱም፣ «እኛ ብናረጅ እንጂ እሱ አይንጠባጠብም» አላት።

አንዲት ነገር ግን አልነገራትም። ሊጠመጥም ጣቱን በቧንቧው ጀርባ ሲያሳልፍ፣ በዚያ በማያየው በጎረቤቱ በኩል፣ ብረቱ እንደ ደረቀ ቅርፊት በጣቱ ተልጦ መጥቶ ነበር። ጣቱን አወጣና አየው፤ ዝገት። ሱሪው ላይ ጠረገው። በዚያ በኩል እጁ አይደርስም፤ እጁ የማይደርስበትን ነገር ደግሞ አላየሁም አለ።

በዚያው ክረምት የልብስ ሰፊዋ ግድግዳ መርጠብ ጀመረ።

ሰፈሩ ልብስ ሰፊዋን «እትዬ መርፌ» ይላታል፤ ስሙ ግማሹ ከሥራዋ፣ ግማሹ ከምላሷ የመጣ ነው። የልጇ ባል ጣሪያ ሠሪ ነው። በተጋቡ ማግስት የአማቱን አሮጌ ጣሪያ በነፃ አውልቆ አዲስ ቆርቆሮ አለበሰላት፤ አይቶ የሚያልፍ ሁሉ እንዲያደንቅም ሰማያዊ ቀባላት። ዝናብ በገባ ሰሞን ግድግዳዋ ሲረጥብ ታዲያ ማንን ትጠርጥር? ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ፣ ልጇም ባሏ አጠገብ ቆማ እያለች፣ «እጅህን ከቤቴ ላይ አንሳ! አንተ ጣሪያ አትሠራም፣ ወንፊት ነው የምትሠራው!» አለችው። ሰው ሳቀ። አማችየው አንገቱን ደፍቶ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ልጅቷም ሕፃኗን አቅፋ ተከተለችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ያን በር አልረገጡም።

ሰዓት ሠሪው ከተሰበሰበው ሰው መሃል ነበር። አልሳቀም። አልተናገረምም። «ክረምት ነው፤ ከጣሪያም ሊሆን ይችላል» ብሎ ለራሱ ነገረውና ወደ ቤቱ ገባ።

እነሆ አሁን በጋ ነው፤ ታንከሩም በጋ ከክረምት ሳይለይ ይጎድላል።

«በቃኝ!» አለች እህቱ። «ወይ ይጠገን፣ ወይ ይቀየር። አንተ እንደሆንክ ቤቱን የተፈታ ሰዓት አድርገኸዋል፤ አንዱ ጥርስ ሌላውን አይነካ።» አለችና ሳታማክረው ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራችው።

ቧንቧ ሠራተኛውን ሰፈሩ «ዋናተኛው» ይለዋል፤ ማንኛውንም ሥራ እስከ አንገቱ ርሶ ነው የሚጨርሰው። መጣና ጆሮውን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ቁም ሣጥኑን ሲያንኳኳ ሰዓት ሠሪው ትንፋሹን ያዘ።

«ድምፅ የለውም» አለ ዋናተኛው። «ዝም ብሎ የሚፈስ ውሃ ከሚጮኸው ይከፋል። ሳቅ እያለ ነው የሚወስድህ። ለመሆኑ የልብስ ቀለም አላችሁ?»

«ምን ያደርግልሃል?» አለች እህቱ።

«ታንከሩ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ከዚያ ውሃው ራሱ የተደበቀበትን ይናገራል። ቀይ ቢሆን ደስ ይለኛል።»

«ቀይ የለም። መጋረጃ ያቀለምኩበት ሰማያዊ ተርፎኛል።»

«ሰማያዊም አፍ አለው» አለና ወሰደው። «እስከ ነገ ፊታችሁን ከዚህ ውሃ እንዳትታጠቡ፤ ጎረቤት ይደነግጣል።»

በማግሥቱ ጠዋት ሰዓት ሠሪው ግቢውን ዞረ፤ ሰማያዊ የለም። ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያውን አየ፤ የለም። ቁም ሣጥኑን ገፋ አድርጎ ጣውላውን ዳበሰው፤ ደረቅ። ከልቡ ላይ ድንጋይ የተነሳለት መሰለው፤ ውሃው ወደ መሬት ነው የሚሰርገው፤ በቃ፣ መሬት ደግሞ ሰው አትከስስም። ይህን ገና ሳይጨርስ ከግድግዳው ማዶ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ ተሰማ።

«ኧረ ጉድ! ኧረ ኑና ጉዴን እዩልኝ!»

እህቱ ገበያ ሄዳለች። ብቻውን ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ጎን ቆማ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛለች። ከመኪናው በላይ፣ ሻጋታ ባጠቆረው ልስን ላይ፣ ሰማያዊ ወዝ ከክንድ በላይ ረዝሞ ወርዷል። ጫፉ ላይ እየተጠራቀመ መኪናው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«አየህልኝ?» አለችው። «ጣሪያው ውሃ ማፍሰሱ አልበቃው ብሎ ቀለሙን ሳይቀር ይተፋው ጀመር! ያ ሰማያዊ ቀለም ነው እኮ! ያ አጎብዳጅ፣ 'እማማ፣ ቤትዎ ከሩቅ እንዲታይ' ብሎ የቀባው!»

«እትዬ…» አለ ሰዓት ሠሪው።

«እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ አሉ። በበጋ ይህ የሆነ፣ በክረምት ቤቱ ሊዋኝ ነው?» ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ነጭ ቀሚስ ተዘርግቶ ነበር፤ የሕፃን ልጅ፣ እጅጌው ገና ያልተጋጠመ። «ይኸውልህ፣ ለልጅ ልጄ ነበር። እሱን ምክንያት አድርጌ ልጠራቸው፣ ዛሬ ስልክ ልደውል ነበር። 'ምናልባት አጥፍቼ ይሆን፤ ምናልባት ጣሪያው አይሆን ይሆን' እያልኩ ስንት ሳምንት ከራሴ ጋር ስከራከር። ይኸው መልሱን ሰጠኝ።» ቀሚሱን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ዞራ ዓይን ዓይኑን አየችው። «አንተ የእጅ ሥራ የምታውቅ ሰው ነህ። ይሄ ከጣሪያ ካልመጣ ከየት ይመጣል? በል እስቲ ንገረኝ።»

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ማውጣት ብቻ ነበር የቀረው። ግን ያንን ሲናገር፣ ዛሬን ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ ሦስቱን ክረምት ነው። ልጅቷ ሕፃኗን አቅፋ ስትሄድ የቆመበትን ቦታ ነው።

«ከጣሪያም… ሊሆን ይችላል» አለ።

«ይኸው!» አለች፣ ምስክር እንዳገኘ ባለጉዳይ። «አንተም አልክ።»

ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ዋናተኛው ኮሪደሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነው። ጩኸቱን ሰምቶታል፤ ሰማያዊውንም በልብስ ሰፊዋ መስኮት አጮልቆ አይቶታል።

«አገኘነው» አለ በሹክሹክታ፣ ሌባ እንዳየ ሰው። «እንግዲህ ሁለት መንገድ አለህ፣ ጋሼ። መጠገን ካልክ ከአንተ በኩል ትንሽ እከፍታለሁ፤ ማሰሪያ አጠልቅበታለሁ፤ እለስነዋለሁ። ከሰዓት በፊት ያልቃል፤ ወፍም አያውቅ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይገፋል፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ይበሳል። ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች ዝገት በልቶታል።»

«መቀየር ካልኩስ?»

«መቀየር ካልክ ከእሷ በኩል ነው የሚሰበረው። በአንተ በኩል ኮንክሪት ነው፤ ትንሽ ቢከፈት እንጂ ሙሉው አይደፈርም። ከጣሪያ እስከ ወለል ግድግዳዋን ሰንጥቄ አሮጌውን አወጣለሁ፣ የፕላስቲክ ቧንቧ እቀብራለሁ። ያኔ ታዲያ…» አለና በአውራ ጣቱ ወደ ማዶ ጠቆመ። «ያኔ ማን ሲያፈስ እንደኖረ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። እኔ ቧንቧ እንጂ ሰው አልጠግንም። ነገ ጠዋት እመጣለሁ፤ አስብበት።»

ሰዓት ሠሪው ሱቁ ሄዶ ተቀመጠ። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰካ፤ አንድ ሰዓት ከፈተ፤ ጥርሱን አየ፤ መልሶ ዘጋው። ሁለተኛ ከፈተ። እጁ ላይ ያለው ብረት ሁሉ የዛገ መሰለው።

ወደ ማምሻው ገደማ የሱቁን መግቢያ ጥላ ሸፈነው። ቀና ሲል አማችየው ነው፤ ያ ጣሪያ ሠሪ። ከስቷል። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ መስታወቱ ላይ አስቀመጠ።

«ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጋሼ።»

«እንዴት ነህ፣ ወንድሜ? ሥራ እንዴት ነው?»

«ጣሪያ ትቻለሁ። አጥርና በር ነው የምሠራው።»

«ለምን?»

አማችየው ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም። «እጄን ጠረጠርኩት። ጣሪያ ላይ ስወጣ ምስማር እመታለሁ፤ መልሼ ነቅዬ አየዋለሁ፤ ደግሞ እመታዋለሁ። አሠሪዎቼ 'ምን ሆነሃል፣ ታማርጣለህ እንዴ?' ይሉኛል። የእማማን ጣሪያ በሐሳቤ ስንቴ እንደ ወጣሁበት አይጠይቁኝ። ከአንዱ ጫፍ እጀምርና ምስማር በምስማር እሄዳለሁ። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት? ውሃ የምትይዘውን ላስቲክ የረሳሁባት ምስማር የትኛዋ ናት? አላገኛትም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ ዛሬ ለሚስቴ ደውለውላት ነበር። ቀለሙም ወረደ አሏት። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ወረደ።»

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ አላወጣም። ቢያወጣው ዓይኑ ይታያል።

«ስለዚህ ወስኛለሁ» አለ አማችየው። «ነገ ጠዋት ሙሉውን አነሳዋለሁ። መጠገን የለ፣ መለጣጠፍ የለ፤ ጣሪያውን ከነምስማሩ አውልቄ አዲስ አለብሳቸዋለሁ። ያን ጊዜ ይደርቃል። ሲደርቅ ልባቸውም ይራራ ይሆናል።» ሰዓቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገለት። «እርስዎ ሲጠግኑ ተመልሶ አይበላሽም አሉ።»

እህቱ እራት አቅርባ ስትጠብቀው አገኛት፤ ዋናተኛው አንድም ሳያስቀር ነግሯታል።

«በል ተናገር» አለችው።

ሰዓት ሠሪው ጎረሰና ዋጠ። መንገዱን ሙሉ ሲሸምነው የመጣውን ሐሳብ አወጣው። «እታለም፣ አስቢው እስቲ። እሱ ነገ ጣሪያውን ይቀይራል። እኔ ነገ ቧንቧውን አስጠግናለሁ። ግድግዳው ይደርቃል። እሷ 'አዲሱ ጣሪያ አደረቀው' ትላለች፤ ትታረቀዋለች፤ ልጇ ትመጣለች፤ ሕፃኗ ቀሚሷን ትለብሳለች። ሁሉም ይስተካከላል። ማን ተጎዳ?»

እህቱ ዳቦውን ቆርሳ ያዘችው እንጂ አልበላችውም።

«ሰዓት ሲያመጡልህ» አለች፣ «የቆመውን ትተህ የሚሄደውን ፈትተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ያ ልጅ ደህናውን ጣሪያ ሊፈታ ነው። በገዛ እጁ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ 'የመጀመሪያው ጣሪያዬ ያፈስ ነበር' ብሎ ይኖራል። አንተ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ሆነህ ሲታረቁ ታዳምጣለህ። ደስ ሊልህ ነው?»

«እሷስ ምን ትለኛለች? ሰፈሩስ?»

«እሷማ መርፌ ናት፤ ትወጋሃለች። ሰው ከመርፌ ሞቶ ያውቃል?» አለችና ሳህኑን አነሳች። ሁለተኛ አላነሳችበትም።

ሆኖም ጠዋት ዋናተኛው መጥቶ «እህስ?» ሲለው፣ «ይጠገን» አለ። አዎ፣ ይጠገን አለ። እህቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ ሰማችው፤ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ በሩንም ዘጋችው።

ቁም ሣጥኑን ገፉት። ዋናተኛው ጣውላውን ነቀለና ፉጨት አሰማ። «ይሄን የጠመጠመው ማን ነው? ሽቦው እንደ አንገት ሐብል ነው የታሰረው!»

ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ብሎ አየ። የቋጠረው ሽቦ ዛሬም እንደነበረ ነው፤ ሦስቴ ተጠምዞ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፤ ንጹሕ፣ ቆንጆ። ከፊት ለፊት አንዲት ጠብታ አልወጣችም። በጀርባው ሲያፈስ ኖሮ ፊቱ ደረቅ ነው።

«እስቲ ከኋላው ዳብሰው» አለው ዋናተኛው። «የአንተ ጣት ቀጭን ነው።»

ጣቱን ሰደደ። የሚያውቀው ቦታ ነው። ዝገቱ እንደ ድሮው አልተላጠም፤ የሚላጥ አልቀረም፤ ጣቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ሲያወጣው እስከ አንጓው ሰማያዊ ሆኗል።

ልክ በዚያን ጊዜ ከላይ፣ ከጣሪያው፣ ምስማር ሲነቀል ሲጥ የሚለው ድምፅ ተሰማ። ደህና የተመታ ምስማር ሲነቀል ይጮሃል፤ ላላ ያለ አይጮህም። ይህን ለማወቅ ጣሪያ ሠሪ መሆን አያስፈልግም። ሁለተኛው ጮኸ። ሦስተኛው ጮኸ። ከዚያ አንድ ቆርቆሮ ተነሳና መሬት ላይ ተወረወረ።

«ማሰሪያውን አቀብለኝ» አለ ዋናተኛው።

ሰዓት ሠሪው ማሰሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። «መሮህን ያዝና ተከተለኝ» አለ።

«ወዴት?»

«ማዶ።»

ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ፣ እጇን አጣምራ ወደ ላይ ታያለች፤ አማቷን ሰላም ያለችው አትመስልም። ሰዓት ሠሪው አጠገቧ ደረሰ።

«እትዬ፣ የስፌት መኪናዎን ከግድግዳው እናንሳው።»

«ለምን ሲባል?»

«ግድግዳዎን ልንሰብር ነው።»

«ጤናም የለህ!» አለች። «አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከጎን! ቤቴን ልታፈርሱ ነው የመጣችሁት?»

ሰማያዊ ጣቱን አሳያት። ሊል ያሰበው ነገር ብዙ ነበር፤ ከኮሪደሩ እስከዚህ ድረስ አሰካክቶት ነበር፤ አሁን ግን ከጉሮሮው የወጣው ቁርጥራጭ ነው። «ውሃው የኛ ነው። የጣሪያው አይደለም። ሰማያዊው የእህቴ የመጋረጃ ቀለም ነው፤ እኛ ነን ታንከር ውስጥ የጨመርነው። ትናንት ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር። ያኔም፣ ሰው ፊት ሲናገሩት፣ እጠረጥር ነበር።»

እትዬ መርፌ አፏን ከፈተች። ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ሲገልጠው ሴትዮዋ በሩን ተደግፋ፣ በአንድ ጊዜ ያረጀች መስላ ቆማለች።

«ሰው ፊት ነው እኮ የተናገርኩት» አለች ቀስ ብላ።

«እኔም ነበርኩ።»

«ወንፊት ነው ያልኩት። ሰው አሳቅሁበት።» ከዚያ አየችው፤ አስተያየቷ ስድብ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ሦስት ክረምት ሙሉ በየጠዋቱ 'እንዴት አደሩ፣ እትዬ' ትለኛለህ።»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ግቢው ወጣችና አንገቷን ቀና አደረገች።

«ውረድ!»

ከላይ የመዶሻው ድምፅ ቆመ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ፤ ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ፤ ሁለቱን ብቻ ነው ያነሳሁት…»

«ውረድ አልኩህ እኮ፣ ልጄ» አለች።

አማችየው ወርዶ ክፍሉ ሲገባ ዋናተኛው ልስኑን አፍርሶ ቧንቧውን አጋልጦታል። ግማሽ ጎኑ የለም፤ ተበልቶ አልቋል። በቀረው ላይ የጎማ ላስቲክና ሽቦ ተጠምጥሟል። ሰማያዊ ውሃ ከቀዳዳው ቀስ እያለ፣ ያለ ድምፅ፣ ይወርዳል። አማችየው ጠጋ ብሎ አየ። ሽቦውን አየ። ዞሮ ሰዓት ሠሪውን አየው።

ሰዓት ሠሪው ቡጢ ጠበቀ። ቡጢ ቢመጣ ደስ ባለው።

«ምስማሮቹ ደህና ነበሩ ማለት ነው?» አለ አማችየው።

«ደህና ነበሩ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ሲነቀሉ ሰምቻቸዋለሁ።»

አማችየው እዚያው፣ የፈረሰው ልስን ላይ ቁጭ አለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አገላብጦ አያቸው፤ መንገድ ሄዶ የተመለሰ ዘመዱን እንደሚያይ ሰው። ልብስ ሰፊዋ ከጀርባው ቆማ እጇን ወደ ትከሻው ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው፤ ደግሞ ዘረጋች። ሁለተኛው ላይ አሳረፈችው።

ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርገው አጥቶ ወደ በሩ ሲያዘግም አማችየው ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አለው። «ሁለት ቆርቆሮ አንስቻለሁ። ያን ደመና ያዩታል? ይምጡና ይያዙልኝ።»

«እኔ? ጣሪያ ላይ?» ሰዓት ሠሪው ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል መቀየር የሚፈራ ሰው ነው።

«ሌላ ማን አለ?»

መሰላሉን መርገጫ በመርገጫ እየዳበሰ ወጣ። ላይ ሲደርስ በአራት እግሩ ሆነ። ከላይ ሲታይ ሁለት ቤት የለም፤ አንድ ጣሪያ ነው፤ ግማሹ ዝገት፣ ግማሹ ሰማያዊ። ታንከሩ ከዝገቱ በኩል ተቀምጧል። ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተጋደመበት።

«ጠበቅ ያድርጉት!» አለ አማችየው ምስማር በጥርሱ እንደያዘ። «እርስዎ የያዙት ነገር ፊቱ ጠብቆ ጀርባው ነው የሚፈታው።»

ዋናተኛው ከታች ሆኖ በሳቅ ፈነዳ። ሰዓት ሠሪው አልሳቀም፤ ጠበቅ አደረገ።

አማችየው መታ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ምስማሩ ገባ። ሰዓት ሠሪው ነቅሎ ያየው እንደሆነ ብሎ ጠበቀ። አልነቀለውም። ወደሚቀጥለው አለፈ። ሰዓት ሠሪው በሥራው ስንት ምት ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ያልተደናቀፈ ምት የሰማበትን ቀን ግን አላስታወሰም። ቆርቆሮው ደረቱ ሥር ይነዝር ነበር።

አንድ ረድፍ ሲያልቅ ልብስ ሰፊዋ ከቤት ወጣች። በእጇ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዛለች። መሰላሉ ሁለተኛ መርገጫ ላይ ወጥታ ወደ ላይ ዘረጋችው።

«እንካ፣ ልጄ። ሳይቀዘቅዝ» አለችው አማቷን። «ለሚስትህ ደውዬላታለሁ፤ እየመጣች ነው።»

ሰዓት ሠሪው ቆርቆሮውን እንደያዘ ወደ ታች አየ፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን አነሳች፤ እሱ የተጋደመበት ቦታ ባዶ ይመስል አልፋው ደመናውን አየች። ከዚያ ወርዳ ገባች። ከተከፈተው በር የመሳቢያው ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያውም የስፌት መኪናዋ መዞር ጀመረ።

ብርጭቆው አንድ ነበር። ልክ ናት አለ ሰዓት ሠሪው በልቡ።

ከዝገቱ በኩል፣ ከታች፣ የእህቱ ድምፅ መጣ። «አንተ! እኛም ቤት እኮ ሻይ አለ! ሥራህን ጨርሰህ ውረድ!»

«ገና ነኝ፣ እታለም!» አለ።

አማችየው ሻዩን ጨልጦ ብርጭቆውን ጎኑ አስቀመጠ፤ አዲስ ምስማር አነሳ። ሰዓት ሠሪው ቆርቆሮውን በያዘው ጣቱ ላይ የቀረውን ሰማያዊ አየና፣ ከጣሪያው ቀለም ለመለየት ዓይኑን አጠበበ። ሊለየው አልቻለም። አጥብቆ ያዘ።